ሽሮ ሜዳ ላይ አሮጌ ቤት ውስጥ ለማደር ላሰባችሁ

እህቴ ጥር ላይ ታገባለች። የሙሽራዋም የሚዜዎቹም ልብስ የሚሠራው ሽሮ ሜዳ ነው። ስለዚህ ኅዳር ላይ እኔና እናቴ ልብሱን ለማዘዝ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ መጣን። እህቴ የምትኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ያውም ስቱዲዮ። ቱሉ ዲምቱ የከተማዋ አንዱ ጫፍ፣ ሽሮ ሜዳ ደግሞ ሌላው ጫፍ ነው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። በየቀኑ ታክሲ ስትቀያይር እንድትውል ስላልፈለግን እዚያው እንጦጦ ሥር ማረፊያ ፈለግን። ያረፍነው አንድ አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ቤተሰቡ ራሱ ይኖርበታል፤ የተረፉትን ክፍሎች ለእንግዳ ያከራያል፤ ጠዋት ቁርስ ያበላል።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ባለ ቤት ለማደር ለሚያስብ ሰው ነው። አሮጌ ቤት እንደ ልብ አይገኝም፤ ሲገኝም ብዙ ሰው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አያውቅም። አንዳንዱ ፎቶውን አይቶ ይመጣና ብርዱን ሲያይ በማግስቱ ቦሌ ወርዶ ሆቴል ይይዛል። አንዳንዱ ደግሞ «አሮጌ ነው» ብሎ ከመጀመሪያው ይተወዋል። ሁለቱም ያሳዝነኛል። ቤቱን አውቆ ለመጣ ሰው እዚያ ማደር ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር አለው።

መጀመሪያ አልጋ ስለ መያዝ ልናገር። በስልክ ያነጋገርኩት ሌላ ማረፊያ ነበር። የሦስት ቀን ሒሳብ አስቀድማችሁ በቴሌብር ላኩ አሉኝ፤ ላክሁ። ልንነሳ ስንል ክፍሉ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል ተባልኩ። ገንዘቤን ለማስመለስ ብዙ መደወል ነበረብኝ። ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ ከአንድ ሌሊት ሒሳብ በላይ አስቀድማችሁ አትላኩ። ደግ ባለቤት ለዚያም አይጨቀጭቅም። ሁለተኛ፣ ፎቶ ብቻ አይበቃም። በቪዲዮ ደውሉና ክፍሉን አሁን አሳዩኝ በሉ፤ ኮርኒሱን፣ የግድግዳውን ሥር፣ ሻወሩን፣ መስኮቱ የት እንደሚያይ። በመጨረሻ ያረፍንበት ቤት እመቤት ይህን ስጠይቃቸው ስልኩን ይዘው ግቢውን ሁሉ አዞሩኝ። ውሻቸውን ሳይቀር አሳዩኝ። ያን ጊዜ ልቤ አረፈ።

ቤቱ በአያታቸው ጊዜ፣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ ተሠራ ይላሉ። ቤቱ ከፍ ብሎ የድንጋይ መሠረት ላይ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ የእንጨት በረንዳ አለ። የጣሪያው ጠርዝ ላይ ዙሪያውን የተቀረጸ ጣውላ ተንጠልጥሏል። በምኒልክ ዘመን የመጡ የሕንድና የአርመን ባለሙያዎች ያስለመዱት አሠራር ነው፤ ፒያሳና ሰራተኛ ሰፈር አካባቢ ከቀሩት አሮጌ ቤቶችም ላይ ታዩታላችሁ። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ወለሉ ጣውላ ነው፤ ሲረገጥ ይናገራል። እናቴ ሌሊት ስትነሳ እኔ እሰማታለሁ፣ እመቤቲቱም በማግስቱ «ትናንት እንቅልፍ እምቢ አለዎት?» ብለው ይጠይቃሉ።

ግድግዳው ጭቃ ነው። ይህን ስነግራቸው ብዙ ሰዎች ይገረማሉ። ውፍረቱ ክንድ ያህላል። ምሰሶው ጥድ ነው፤ ጥድ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም። እኛ በነበርንበት ሰሞን ክረምቱ ካለፈ በኋላ የተጎዳውን የጓሮ ግድግዳ እየመረጉ ነበር። ሥራውን ቁጭ ብዬ አየሁት። አፈሩ ይነፋል። ከጤፍ ጭድ ጋር ይቀላቀልና ውኃ ተጨምሮበት በእግር ይረገጣል። ከዚያ እንደ ሊጥ ሸፍነው ለቀናት ያቦኩታል። የሚመርጉት ሰውዬ በእጃቸው ትንሽ አንስተው አሸተቱና «ገና ነው፣ ነገ ይደርሳል» አሉ። በማግስቱ እፍኝ እፍኝ እያደረጉ ግድግዳው ላይ በኃይል መምታት ጀመሩ። ከመቱት በኋላ በመዳፋቸው ወደ ላይ ይስቡታል። ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ደግሞ ቀጭን ሁለተኛ ምርጊት ይጨመርበታል።

«በሲሚንቶ ለምን አይለሰንም? አንዴ ይገላገሉ ነበር» አልኳቸው እመቤቲቱን።

«ልጄ፣ ሞክረነው ነበር» አሉኝ። «ሲሚንቶው ከላይ ደረቅ ነው፣ ከሥሩ ግን ጭቃው ረጥቦ ይቀራል። አይተነፍስም። ክረምት አልፎ ስናፈርሰው እንጨቱ ሥር በስብሶ አገኘነው።»

ለእንግዳ ይህ ምን ይረባዋል? በጣም ይረባዋል። አሮጌ ቤት ስትመርጡ የግድግዳውን የታችኛውን ክፍል እዩ። ሲሚንቶ ከተለሰነና ልስኑ አብጦ ከተነሳ ክፍሉ ይረጥባል፤ አልጋውም ይሸታል። በጭቃ ተመርጎ ኖራ የተቀባ ከሆነ ግን ደረቅ ነው። ቀን ሙቀቱን ይዞ ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል። ኮርኒሱንም ቀና ብላችሁ እዩ። የእኛ ክፍል ኮርኒስ የድሮው ዓይነት፣ አቡጀዲ ተወጥሮ የተቀባ ነው። ቡናማ ክብ ነጠብጣብ ካያችሁ ጣሪያው ያፈሳል ማለት ነው። በበጋ ችግር የለውም፤ ክረምት ከሆነ ግን ሌላ ክፍል ጠይቁ።

እንዲህ ያለ ቤት ለምን ጥቂት ሆነ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። እኔም አስቤ ነበር። መልሱን እዚያው ግቢ ውስጥ አገኘሁት። ሐምሌ 1967 የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ፣ አዋጅ ቁጥር 47፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ነው የተወለት። የተረፈው ተወረሰ። ኪራያቸው ዝቅ ያለውን ቀበሌ ወሰዳቸው፤ ከፍ ያለውን ደግሞ ኪራይ ቤቶች። የዚህ ቤተሰብ ትልቁ ቤት ስለኖሩበት ቀረላቸው። ከጀርባ ያሉት ተከራይ የነበረባቸው ሰርቪሶች ግን ቀበሌ ገቡ። እስከ ዛሬም የቀበሌ ቤት ናቸው። ግቢው አንድ፣ በሩ አንድ፣ አባወራው ግን ብዙ ነው። ብዙ አሮጌ ቤት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተወርሶ በየክፍሉ ቤተሰብ ተመድቦበታል። በትንሽ ኪራይ የሚኖር ሰው ጣሪያ የሚያስቀይርበት አቅም የለውም፤ አከራዩም አያድስም። ቤቱ እንዲሁ ያልቃል። ሰሞኑን ደግሞ የመንገድና የኮሪደር ልማቱ አለ። ፒያሳ ላይ በ2016 ስንት አሮጌ ቤት እንደፈረሰ ያየ ሰው ያውቀዋል። የቀረው ቤት ቆሞ የሚኖረው የሚጠግነው ገንዘብ ሲያገኝ ነው። የእንግዳ ክፍል የሚከራየውም ለዚህ ነው። እመቤቲቱ የኛን ሒሳብ ተቀብለው ለምርጊቱ ሰውዬ ሲከፍሉ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጎረቤት የበዛበት ግቢ ጸጥታ ለሚፈልግ ሰው አይሆንም። ይህን በግልጽ ልናገር። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎ በቧንቧው ዙሪያ ጄሪካን ይንጋጋል። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ወያላው «አራት ኪሎ! ፒያሳ!» እያለ ይጣራል። ሌሊት ደግሞ ከእንጦጦ ጫካ የሚወርድ ጅብ ይጮኻል፤ የሰፈሩ ውሾች ሁሉ ይመልሱለታል። እናቴ የመጀመሪያውን ሌሊት በዚህ ተሳቅቃ ነበር። ከዚያ በኋላ ለመደችው። እኔ ጩኸት ብዙ አይረብሸኝም። እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ ግን በመንገዱ በኩል ያለውን ክፍል አትውሰዱ። በጓሮ በኩል ያለው ትንሽ ጠባብ ቢሆንም ይሻላል። ሐምሌና ነሐሴ ከሆነ ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እርስ በርስ መነጋገርም አይቻልም ብለውኛል።

ከሁሉም የወደድኩት ድምፅ ግን አለ። ከቀበሌው ቤቶች በአንዱ ሸማኔ አለ። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ሲያሳልፍ ይውላል። በየመሐሉ ማጉን ሲያጠብቅ ጧ ይላል። ሽሮ ሜዳ ከሚሸምኑት ብዙዎቹ ከጋሞ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ አካባቢ የመጡ ወይም የእነሱ ልጆች ናቸው። ይህም ወጣት ሙያውን የተማረው ከአባቱ ነው። ቁርሳችንን በረንዳው ላይ ስንበላ የእሱ ሥራ ከፊታችን ነበር።

ብርዱን ቀላል አትዩት። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ መሐል ከተማው ራሱ 2,400 ሜትር ይጠጋል፤ ሽሮ ሜዳ ከዚያም ይበልጣል፤ እንጦጦ አናቱ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ኅዳርና ታኅሣሥ ቀኑ ብሩህ ነው፤ ፀሐይ ስትገባ ግን ብርዱ ወዲያው ይወርዳል። አሮጌ ቤት ማሞቂያ የለውም። እመቤቲቱ ለእያንዳንዳችን ከብርድ ልብሱ ላይ አንድ አንድ ጋቢ ጨመሩልን። አራት እጥፍ፣ እዚያው ሰፈር የተሠራ። ያ ባይኖር ይከብደን ነበር። ከቆላ የምትመጡ ሰዎች ወፍራም ካልሲና ሹራብ ያዙ። የመጀመሪያውን ቀን ደግሞ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፤ ደረጃ ስትወጡ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ ከፍታው ነው።

ውኃ። ይህን ሳትጠይቁ ክፍል አትያዙ። ሰፈሩ ላይ ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ቤቱ ሮቶ ካለው ችግር የለም። የኛው ነበረው። ሻወሩ በኋላ የተጨመረ ስለሆነ ከበረንዳው ጫፍ፣ ከዋናው ቤት ውጭ ነው። ለእናቴ ሌሊት ወደዚያ መውጣት ከባድ ስለነበር እመቤቲቱ ሳንጠይቃቸው ማታ ማታ ፖፖ ከአልጋው ሥር ያኖሩላት ነበር። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ቦይለሩ አይሠራም። መብራት እያለ ታጠቡ፤ «ነገ ጠዋት» አትበሉ። ደረጃውንም ጠይቁ። የአሮጌ ቤት ደረጃ ከፍ ከፍ ያለ ድንጋይ ነው፤ መደገፊያም የለውም። አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ ስንት ደረጃ እንዳለ በስልክ አረጋግጡ።

አሁን ወደ ቁርሱ ልምጣ። ስለ ቁርሱ ሳስብ ስለ ቤቱ ሁሉ ትዝ ይለኛል።

የመጣነው ጾመ ነቢያት ከገባ በኋላ ነው። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች። ሌላ ቦታ ያረፍን ጊዜ የቁርስ ሰዓት አልቋል እየተባለ የከፈልንበትን ሳትቀምስ ስትወጣ አይቻለሁ። እዚህ በመጀመሪያው ምሽት እመቤቲቱ «እርስዎ ስንት ሰዓት ነው የሚቀምሱት?» ብለው ጠየቋት። «ዘጠኝ ሰዓት» አለች እናቴ፣ ትንሽ እያፈረች። «እንግዲያው አብረን ነና! እኔም ዘጠኝ ሰዓት ነው» አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእናቴ ቁርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። የሱፍ ፍትፍት፣ አንዳንድ ቀን ተልባ፣ አንዳንድ ቀን በዘይት የታሸ ጨጨብሳ። እኔ መድኃኒት ስለምወስድ ጠዋት እበላለሁ። ለእኔ ቂንጬ ይሠራልኛል። ሁለቱ ሴቶች ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ሲበሉ፣ ቡናው አቦል ቶና በረካ እያለ ሲቀጥል፣ እኔ ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ። እናቴ ከባሕር ዳር ስትነሳ «ሰው ቤት ማደር ይከብደኛል» ብላ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ ማድቤት ገብታ ሽንኩርት ስትከትፍ አገኘኋት።

ቁርስ የሚያበላ ቤት ስትይዙ ስለ ጾም ቀድማችሁ ተናገሩ። የምትጾሙ ከሆነ ሰዓቱን፣ የማትጾሙ ከሆነም ያንኑ። ብዙ የዚህ ሰፈር ቤት በጾም እንቁላልና ቅቤ ማድቤቱ አይገባም። ይህን ካላወቃችሁ ትከፋላችሁ፤ እነሱም ይጨነቃሉ። ሙስሊም ወይም ሌላ እምነት ያለው እንግዳም ቢሆን ምን እንደሚበላ ቢናገር በደስታ ያዘጋጁለታል።

ኅዳር 21 ቀን ጽዮን ማርያም ስለነበረች እናቴ እንጦጦ ማርያም ካልወጣሁ አለች። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ተነሳን። የቤቱ እመቤት የሚያውቁትን ባለ ታክሲ ቀጥረውልን ነበር። ይህ አሮጌ ቤት የማደር አንዱ ጥቅም ነው፤ ሰፈሩን የሚያውቅ ሰው አላችሁ። በእግር በጫካው በኩል መውጣት የሚፈልግ ካለ ብቻውን አይሂድ፤ በጨለማ ደግሞ ጭራሽ። ሰፈርተኛው ሁሉ የሚለው ይህንን ነው። በመኪና መንገዱ ላይ ነጠላ የለበሰ ሰው ሞልቷል። በዚያ ሰዓት ቁልቁል የሚሮጡ አትሌቶችም አሉ። ከሰዓት በኋላ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ የባሕር ዛፍ ጭራሮ በጀርባቸው የተሸከሙ ሴቶች ሲወርዱ ታገኛላችሁ። መንገድ ልቀቁላቸው፤ ሸክሙ ከቁመታቸው ይሰፋል።

ማኅሌቱ እንደቆመ ደረስን። ብዙ አልናገርም፤ የሄደ ያውቀዋል። እናቴ ጉልበቷን ረስታ ቆማ አደረች።

ሲነጋ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ያለውን ሙዚየምና የምኒልክን ቤተ መንግሥት አየን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት እንጦጦ ማርያም ነው። ቤተ መንግሥቱን ስታዩ ትገረማላችሁ። ጭቃ፣ እንጨት፣ ድንጋይና ኖራ ነው። እናቴ ግድግዳውን ተጠግታ አየችና «ይኼማ የኛ ግድግዳ ነው» አለች። «የኛ» ያለችው ያረፍንበትን ቤት ነው። እውነቷን ነው። ምርጊቱን ቁጭ ብዬ ባላይ ኖሮ ያን ቤተ መንግሥት «ይኼው ነው?» ብዬ አልፈው ነበር። አሁን ግን ምሰሶው የት እንደቆመ፣ ጭቃው ስንት ጊዜ እንደተመረገ ለማየት ሞከርኩ። ከዚያ ወደ ታች ከተማዋን አየን። እቴጌ ጣይቱ ከዚህ ብርድ ወደ ፍል ውኃው ወርደው በ1879 አዲስ አበባን ያስቆረቆሩት ለምን እንደሆነ ሌሊቱን ያደረ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም። እንጨቱም አልቆ ነበር። ምኒልክ በማገዶ እጥረት ምክንያት ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ጀምረው ነበር። ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው ከተማዋን እዚሁ ያስቀራት። ዛሬ እንጦጦን የሸፈነው ያ ዛፍ ነው። ጊዜ ያላችሁ በ2013 የተከፈተውን የእንጦጦ ፓርክ ጨምሩበት። እኛ አልገባንም፤ እናቴ ደክማ ነበር። ተመልሰን ስንመጣ እመቤቲቱ ምግቡን ከድነው እየጠበቋት ነበር።

ስለ ገበያው ጥቂት ልበል። ልብስ ለማሠራት የምትመጡ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ሽሮ ሜዳ መንገዱ ዳርና ዳር ሱቅ ነው፤ ጥበብ፣ መነን፣ ጋቢ፣ ኩታ። የታተመ ጨርቅ የእጅ ሥራ ነው ተብሎ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። ጥለቱን ገልብጣችሁ እዩ። የተሸመነ ከሆነ ክሩ ከጨርቁ ጋር ተጠላልፎ በጀርባም ይታያል። የታተመ ከሆነ ጀርባው ፈዛዛ ነው። የጥለቱን ፎቶ አንሱ፣ ቀብድ ስትከፍሉ ቀኑንና ቀሪውን ሒሳብ በወረቀት አጽፉ። እኛን የቤቱ እመቤት ግቢያቸው ካለው ሸማኔ ጋር አገናኙን። የሙሽራዋን ቀሚስ ጥበብ እሱ ነው የሚሠራው። ዋጋውን በግልጽ ነገረን፤ የሚፈጅበትን ጊዜም እንዲሁ። ክሩን በቀን ብርሃን አውጥቶ አሳየን። እህቴ ከቱሉ ዲምቱ መጥታ ከጎኑ ቁጭ ብላ ቀለሙን መረጠች። ጥበቡን በእጅ ማሠራት ጊዜ ይፈልጋል። ለጥር ሰርግ በታኅሣሥ መጨረሻ መጥቶ «ድረሱልኝ» ማለት አይሆንም።

ከሰፈሩ ወረድ ካላችሁ ስድስት ኪሎ ነው። የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት እዚያው አደባባዩ ላይ ቆሟል። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ያለው ሙዚየም የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ መኝታ ክፍል እንዳለ ይታያል። ግማሽ ቀን ብትሰጡት ይገባዋል። አሮጌ ቤት ይቅርብኝ፣ ሆቴል ይሁን፣ ታሪክ ግን ይኑረው ለሚል ደግሞ ፒያሳ ላይ በ1900 የተከፈተው እቴጌ ጣይቱ ሆቴል አለ። የአገሪቱ የመጀመሪያው ሆቴል ነው። በ2007 የእሳት አደጋ ደርሶበት ነበር። እሱ ሆቴል ነው፤ ሽሮ ሜዳ ያለው ቤት ግን የሰው ቤት ነው። እኔ እናቴን ይዤ ስለሆነ የሰው ቤቱን እመርጣለሁ። ለሥራ የመጣ፣ ማታ ዘግይቶ የሚገባ ሰው ግን ሆቴሉ ይሻለዋል።

ዘግይቶ መግባት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የግቢው በር ማታ በመቀርቀሪያ ይዘጋል። ዘበኛ የለም። የሚከፍትላችሁ ከቤተሰቡ አንዱ ነው፣ ከእንቅልፉ ተነስቶ። ሌሊት የሚነሳ ወይም የሚገባ በረራ ካላችሁ ቀን ላይ ንገሯቸው። እኛ ስንነግራቸው ልጃቸው ራሱ ሻንጣውን እስከ መንገድ አወጣልን። ከሽሮ ሜዳ ቦሌ ኤርፖርት ሌሊት ቅርብ ነው፤ ጠዋት ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ግን መንገዱ ይጨናነቃል፤ በዚያ ሰዓት ሰፊ ጊዜ ያዙ። በስልክ ራይድ ወይም ፈረስ የሚባሉትን ታክሲዎች ስትጠሩ ደግሞ ሹፌሩ ቅያሱን አያገኘውም፤ በአቅራቢያው ያለ የሚታወቅ ምልክት ንገሩት።

መታወቂያ ያዙ፤ ይመዘግቧችኋል። ከሚመጣ እንግዳ ጋር በግቢው ውስጥ መጨዋወት ይቻላል፤ ማሳደር ግን ሳይጠይቁ አይሆንም። በረንዳው ላይ ሲጋራ አይጨስም፤ ቤቱ እንጨት ነው። የቀበሌው ቤት ልጆች መጥተው ያጫውቷችኋል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት እናቶቻቸውን ጠይቁ፤ ሸማኔውንም እንዲሁ። ሒሳብ በጥሬ ወይም በቴሌብር ነው፤ ካርድ የለም። ዋጋው ቦሌ አካባቢ ካለ መካከለኛ ሆቴል ያነሰ ነው። መቀነስ ይቻል እንደሆነ እናቴ ልትጠይቅ ስትል ከለከልኳት። ግድግዳውን አይቼዋለሁ።

ለመያዝ ጥሩው ጊዜ መስከረምና ጥቅምት ነው። ክረምቱ ያበላሸው አብዛኛው ተጠግኖ፣ ክፍሎቹ ተቀብተው የሚያልቁት ያኔ ነው። ጥር የሰርግ ወር ስለሆነ፣ ጥምቀትም ስላለበት ቶሎ ይያዛል። እኛ ከመውጣታችን በፊት ለሰርጉ ከጎጃም ለሚመጡት አክስቶቼ ሁለቱን የጓሮ ክፍሎች ይዘንላቸዋል። የአንድ ሌሊት ቀብድ ከፍለናል። ያኔ ጾሙ ያበቃልና ቁርሱ በቅቤ ነው ብለውኛል እመቤቲቱ። አክስቶቼ ደግሞ ቅቤውን ራሳችን ይዘን እንመጣለን ብለዋል።